ያልተገለበጠችው ቅጠል

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢወጣ ምን ይወጣዋል? በማስተምርበት ዘመን ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ በቀልድ መልክ አቀርብላቸው ነበር። ሥራው ነው፣ ልጆቹ ናቸው፣ ስሙ ነው እያሉ ክፍሉን ያንጫጩታል፤ እኔም ሁላችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ። ካረጀሁ ወዲህ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ ሲመጣም የሚመጣው ከአንድ ሰው ጋር ነው። የዚያ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲወጣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት የደረቀች ቅጠል ሆነ። የየትኛዋ ተክል ቅጠል እንደሆነች እንኳ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

አባ ሙጫ እንለው ነበር። በተቋማችን ምድር ቤት፣ የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ረጅም ክፍል ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቷል። በጋዜጣ መካከል ተጭነውና ደርቀው ከመስክ የሚመጡ ዕፅዋትን በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ መለጠፍ ነበር ሥራው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ግን ሙጫው ብቻ አይደለም። አንዴ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ አይነሣም። የሻይ ሰዓት ደርሶ፣ «አባ ሙጫ፣ አትነሣም እንዴ?» ሲሉት፣ «ልነሣ ነበር፤ የቱ ጋ እንደተጣበቅሁ እየፈለግሁ ነው» ይላል። ቀልዱን መቶ ጊዜ ሰምተነዋል፤ መቶ ጊዜም ስቀንለታል። ካልሳቅንለት ይከፋዋል።

ክፍሉ በሁለት ረድፍ የቆሙ አረንጓዴ የብረት ቁም ሳጥኖች ነበሩበት። የብል መድኃኒት ይሸታል፤ ሽታው ልብስ ውስጥ ገብቶ ቤት ድረስ ይከተላል። በስተሰሜን አንድ ሰፊ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ሥር የእሱ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ ብሩሽ፣ ወረንጦ፣ የተለጠፈው እስኪደርቅ የሚጫኑ ትንንሽ የአሸዋ ከረጢቶች፣ ጆሮዋ የተሰበረ አንዲት ኩባያ። ኩባያዋ የሻይ አይደለችም። ተጣሞ የተለጠፈ ነገር ሲያጋጥመው ለብ ያለ ውሃ ይቀዳባታል፤ በብሩሽ ጫፍ አሮጌውን ሙጫ ያርሰዋል፤ ትንሽ ይጠብቅና ቅጠሉን ሳይሰበር አንሥቶ ያቃናዋል። ከእሱ በቀር ይህን የሚችል አልነበረም። እኔ ሞክሬ አንድ አበባ ዱቄት አድርጌያለሁ።

ሌላም ልማድ ነበረው። ተገንጥሎ የወደቀ ቅጠል መልሶ በለጠፈ ቁጥር ወረቀቱን ይገለብጥና ከጀርባው በእርሳስ ቀኑን ይጽፋል። ማንም አላዘዘውም። አንድ ጊዜ ለምን እንደሚያደርገው ጠየቅሁት።

«ሐኪም መርፌ ሲወጋ ካርድ ላይ አይጽፍም እንዴ ዶክተር?» አለኝ። «እኔስ ምን ለየኝ? የኔዎቹ በሽተኞች ስለማይጮሁ ነው?»

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ የነካውን ሁሉ ነክቻለሁ ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ይህን ያህል ታማኝነት በፍልስፍና መጻሕፍት ሲወደስ አንብቤያለሁ። በሰው ላይ ያየሁት ግን እሱ ላይ ብቻ ነው፤ ያየሁ ዕለትም ምን እንደሆነ አላወቅሁትም።

ከወረቀቶቹ ሁሉ አንዷን ይለያት ነበር። ገና ወጣት ሳለ፣ እኔንም ያስተማሩኝ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ዕፅዋት ሊለቅሙ ሲወጡ ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ይከተላቸው ነበር። አንድ ቀን በአንድ ድንጋያማ ተረተር ላይ ፕሮፌሰሩ አንዲት ቁጥቋጦ አልፈው ሄዱ። እሱ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ይቺኛዋ ዘመድ ያላት አትመስልም» አላቸው።

ፕሮፌሰሩ ተመለሱ፣ ተንበረከኩ፣ ብዙ ጊዜም አልተነሡም። ቅጠሏ እሾሃማውን የአጥር እንጆሪ ይመስላል፤ ግን እሾህ የላትም፤ ፍሬዋም እንደ እንጆሪ የሚበላ ሳይሆን ደረቅና ቆብ የደፋ ነው። ከጽጌረዳ ቤተሰብ መሆኗ አላጠያየቀም። ከቤተሰቡ ውስጥ ግን የማን ልጅ፣ የማን እኅት እንደሆነች የሚናገር ጠፋ። ፕሮፌሰሩ ራሷን የቻለች ወገን ናት ብለው ስም አወጡላት፤ በቁም ሳጥኑም ውስጥ ለብቻዋ አንድ መደርደሪያ ተሰጣት። አባ ሙጫ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የለጠፈው እሷን ነው። «ብቸኛዋ» ይላታል። ጠዋት ሲገባ የቁም ሳጥኗን በር በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ፣ «እንዴት አደርሽ ብቸኛዋ?» ሳይል ወደ ወንበሩ አይሄድም።

ተረተሩን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድንጋይ ፈላጮች በሉት። ሦስት ጊዜ ሄደን ፈለግን። በሦስተኛው ጊዜ ቁጥቋጦዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ጭነቱን የሚጠብቅ መኪና ቆሟል። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ያለችው ያቺ አንዲት ወረቀት ብቻ ሆነች። በቀይ አቃፊ ገባች። ቀይ አቃፊ ማለት ያለ ኮሚቴ ፈቃድ ማንም አይነካም ማለት ነው፤ ሙጫ ቢለቅ፣ ቅጠል ቢወድቅ ግን የመጠገን ሥልጣኑ የአባ ሙጫ ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የአሸዋ ከረጢቶቹን የሰፋችለት እሷ ናት፤ ከደንበኞቿ ቀሚስ በተረፈ ጨርቅ፤ ባለ አበባ፣ ባለ መስመር፣ አንዱም ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈ ሐር። አልፎ አልፎ ወደ ክፍሉ ብቅ ትልና በሩ ላይ ቆማ፣ «ጣውንቴ እንዴት አለች?» ትላለች።

«ደህና ናት። ካንቺ ያነሰ ትናገራለች» ይላታል።

«እንግዲህ በገዛ እጄ የጣውንቴን ትራስ የምሰፋ ሞኝ እኔ ነኝ!»

ክፍሉ ውስጥ የሴት ሳቅ የተሰማው በእሷ ብቻ ነው። ከዚያ ታመመች፤ አንድ ክረምት ተኝታ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሞተች። በቀበራት በአራተኛው ቀን ጠዋት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምን ልታደርግ መጣህ? ሂድ ቤትህ ዕረፍ» አልኩት።

«ቤት ምን አለ ዶክተር?» አለኝ።

ትቼው ወደ ላይ ወጣሁ። ያን ዕለት አጠገቡ ብቀመጥ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ዲኤንኤ የሚሉት ዘመን መጣ። ይዛው የመጣችው አንዲት ወጣት ዶክተር ናት፤ ንቁ፣ ሥራ ወዳድ፣ ሰው አክባሪ። የጽጌረዳን ቤተሰብ እንደገና ልትመድብ ተነሣች። ለማያውቅ ሰው፣ የጽጌረዳ ቤተሰብ ሲባል ጽጌረዳ ብቻ አይደለም፤ ፖሙም፣ ኮኩም፣ ፕሪሙም፣ እንጆሪውም በዚያ ቤት ነው። አያቶቻችን የመደቡት በፍሬው እያዩ ነበር፤ ባለ አንድ ጠጣር ዘር ወዲህ፣ ባለ ብዙ ዘር ወዲያ።

«ፍሬ ልብስ ነው፤ ሰው በልብሱ አይታወቅም» አለች ዶክተሯ ምድር ቤት ወርዳ ስታስረዳን። «ዲኤንኤ ግን አጥንት ነው።»

«አጥንት መቁጠርማ እናውቅበታለን ልጄ» አላት አባ ሙጫ። «ትርፉ ጠብ ነው።»

ሳቀች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ተዋደዱ። እሱ «ልጄ»፣ እሷ «አባባ»።

ውጤቱ በመጣ ቁጥር ቁም ሳጥኖቹ ተገለባበጡ። አባ ሙጫ ባለ ጎማ ጋሪውን እየገፋ፣ ኮኩንና ፕሪሙን ከኖሩበት ጥግ አንሥቶ ከፖሙ ጎን አኖረ። «እዩ እንግዲህ! ለካ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ ባንድ ቤት ሠላሳ ዓመት ሲቀመጡ አንድ ቀን አልተጠያየቁም» ይላል። አሮጌ ስም አይቀደድም፤ ደንባችን ነው። አዲሱ ስም በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ከጎኑ ይለጠፋል፤ የወሳኙ ስምና ቀን ይሰፍርበታል። ሁሉንም የለጠፈው እሱ ነው።

በመጨረሻ ተራው የብቸኛዋ ሆነ። ኮሚቴው አንድ ጊዜ ብቻ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ እንድትወስድ ለዶክተሯ ፈቀደላት። ቀይ አቃፊው ተከፈተ። ወረቀቷ ላይ አገዳዋ አለ፤ ሁለት ፍሬ አለ፤ ከቅጠሎቿ ግን ዘመን ያልፈረካከሳት አንዲት ብቻ ቀርታለች።

«አባባ፣ ከየት ልቁረጥ?» አለች ዶክተሯ፣ ምላጩን ይዛ።

ራሱን ቀና አድርጎ፣ «ከዚህችኛዋ ቁረጪ። ጠንካራ ናት። እኔ ራሴ ነኝ ያጣበቅኋት» አላት።

በስምንተኛው ወር ውጤቷን ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ አቀረበች። ግድግዳው ላይ የጽጌረዳ ቤተሰብ የዘር ሐረግ እንደ ትልቅ ዛፍ ተዘርግቶ ታየ። ብቸኛዋ ለብቻዋ ቅርንጫፍ አልነበራትም። ከእንጆሪዎቹ መካከል፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ተራ እንጆሪ ያለበት ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አዲስ ዓይነት እንኳ አይደለችም፤ ያው ራሱ ናት፤ እሾህ ማጣቷና የፍሬዋ መድረቅ የድንጋያማው ቦታ ያመጣው ነው፤ ፕሮፌሰሩ በመልክ ተሳስተዋል ተባለ። ጽሑፉም ታትሟል።

«እንግዲህ የብቸኛዋ ብቸኝነት አበቃ፤ ቤተሰቧን አገኘች!» አለች ዶክተሯ።

አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከኋላ ወንበር አባ ሙጫ ብድግ ብሎ ሲወጣ አየሁት። አንዴ ከተቀመጠ የማይነሣው ሰው።

በማግስቱ ጠዋት ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ሠርቻለሁ።»

«ምን ሠራህ ደግሞ?»

«ይውረዱና ልንገርዎ። እዚህ አይነገርም።»

ወረድን። ወረቀቷን ገልብጦ የእርሳሱን ጽሑፍ አሳየኝ። «ይቺን ቀን ያውቋታል?»

አላውቃትም።

«ሚስቴን በቀበርኩ በአራተኛው ቀን ናት። ቤትህ ሂድ ያሉኝ ዕለት። ብቸኛዋና አንድ የእንጆሪ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ፤ ከየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅጠል ወድቆ ነበር። የእንጆሪው ወረቀት ጀርባ ላይም ያው ቀን አለ፤ ፍሬውን አጣብቄበታለሁ። ቅጠሎቹን ግን ጎን ለጎን አኖርኳቸውና… እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዷ በጣቴ መካከል ዱቄት ሆነች። አንዷ ቀረች። የቀረችው የብቸኛዋ ናት ብዬ ለጠፍኋት።»

«ታዲያ ትሆናለቻ።»

«ትሆናለች። ላትሆንም ትችላለች። ዓይኔ ውሃ ሞልቶት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለያቸዋለሁ፤ የእንጆሪ ቅጠል ጀርባው ላይ፣ በመሐል ጅማቱ፣ ትንንሽ ቁልምም እሾሆች አሉት፤ የብቸኛዋ ልስልስ ነው። ያን ዕለት ግን አልዳሰስኳትም። የእሷ እንድትሆንልኝ ፈልጌ ነው መሰለኝ። አንድ ነገር እንኳ እንዲተርፍልኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየኋት። ቅጠሏ ወረቀቱ ላይ በጀርባዋ ተለጥፋለች፤ ፊቷ ወደ እኛ ነው። ጥግዋ በምላጭ ተቆርጧል።

«ጀርባዋን ማየት ነው ዶክተር። ኩባያዬ አለች። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

ለዶክተሯ ንገራት አልኩት። ሸሸሁ ማለት ነው። ነገራት። ቆማ ሰማችው፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ አይደለሁም ልጄ። እርግጠኛ ብሆን እኮ እንያት አልልሽም።»

«እርግጠኛ ካልሆኑ…» አለችና ቀሪውን አልጨረሰችውም። ክፉ ሰው አልነበረችም። ወረቀቷ ቀይ አቃፊ ውስጥ ናት፤ ኮሚቴው ይወስን አለች። ደንቡም እንደዚያው ነው።

ማመልከቻውን መምህርት የሆነችው ልጁ በንጹሕ ወረቀት ገለበጠችለት። ጥያቄው አንድ ነው፤ ቅጠሏ ተነሥታ ትገልበጥ። የኮሚቴው አባላት፣ እኔም ጭምር፣ አምስት ሆነን ተቀመጥን። አንዱ፣ «ያለቻት አንዲት ቅጠል ናት፤ ስትነሣ ብትፈረካከስስ?» አለ። ሌላው፣ «ደንቡ እኮ የወጣው እንዲህ ካለ እጅ ለመጠበቅ ነው» አለ። እንዲህ ያለ እጅ! በክፍሉ ውስጥ ካለው ወረቀት ሁሉ እኩሌታውን የለጠፈውን እጅ ነው የሚለው። ከፍሬዋ ወይም ከአገዳዋ ሌላ ቁራጭ ይወሰድ እንደሆነም ተነሣ፤ ፈቃዱ አንድ ጊዜ ነው፤ አልቋል ተባለ። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም የፈራነው የቅጠሏን መሰበር አልነበረም። እሾህ ቢገኝባትስ? የታተመውን ጽሑፍ፣ ያጨበጨብንለትን፣ ማን ይመልሰዋል? እኔ ቃል አልተነፈስኩም። «ለጊዜው አልታመነበትም» የሚለው መልስ ላይ ፊርማዬ ሦስተኛው ነው።

ሰው ሲሳሳት ስሕተቱ የእሱ ነው። ስሕተቱን ይዞ መጥቶ እዩልኝ ሲል ግን ስሕተቱ ከእጁ ወጥቶ በሰሚው እጅ ይገባል። ያን ዕለት አምስታችን ተካፈልነው።

ብቸኛዋን ወደ እንጆሪዎቹ ቁም ሳጥን ያዛወራት እሱ ራሱ ነው። በጋሪ አልጫናትም፤ በሁለት እጁ ተሸክሞ ወሰዳት። ውሳኔውን የያዘችውን ትንሽ ወረቀትም ከአሮጌው ስም ጎን ለጠፋት፤ ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ኳ ኳ የሚል ድምፅ አልተሰማም። በእንጆሪዎቹ ቁም ሳጥን ፊት ሲያልፍ ይቆማል፣ አንድም ቃል አይናገርም፣ ያልፋል። በሻይ ሰዓት ስንጠራውም፣ «እሺ» ብሎ ወዲያው ይነሣ ጀመር። ይሄኛው ከሁሉ ከበደኝ።

ጡረታ እስኪወጣ አራት ዓመት ቁልፉ በኪሱ ነበር። አንድ ቀን፣ «ማን ያይሃል? አንተ ሰው፣ ገልብጠህ አርፈህ አትተኛም?» አልኩት፤ በግማሽ ቀልድ፣ በግማሽ ልመና።

«ብቻዬን ሆኜ ነክቻት ነው እዚህ የደረስነው» አለኝ። «ደግሜ ብቻዬን አልነካትም። ብነካትስ፣ ያየሁትን ብናገር፣ ማን ያምነኛል?»

ሲወጣ ከክፍሉ የወሰደው የአሸዋ ከረጢቶቹንና ያቺን ኩባያ ብቻ ነው። ዶክተሯ የስንብቱ ዕለት አቅፋው አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች አልጠየቅኋትም። በዓመቱ ወደ ሌላ ተቋም ሄደች።

እኔ ዛሬ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወደዚያ ክፍል የመግባት ፈቃዴ አልተነሣም። የዛሬው ኮሚቴ ሌላ ነው፤ አንድ ገጽ ብጽፍላቸው ምናልባት እሺ ይሉ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጄ አቃፊውን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ቅጠሏ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለወረቀቱ ሰጥታ ተኝታለች። ሁለት ጊዜም ዘግቻት ወጣሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ እውነትም ይንቀጠቀጣል። ግን ማመልከቻ ለመጻፍ የእጅ መንቀጥቀጥ አያግድም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ልጁ ቤት ነው፤ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮት አልጋው ላይ ስትገባ። ሳንባው ደክሞ ነበር። ልጁ በሩ ላይ ተቀብላኝ፣ «ጋሼ፣ ስለዚያች ቅጠል ካነሣብዎ አደራ አያስቀጥሉት፤ ትንፋሽ ያጥረዋል» አለችኝ። ከራስጌው በኩል ትንሽ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ጆሮዋ የተሰበረችው ኩባያ፣ ውስጧ ብሩሹ ቆሟል። የሐሩን ከረጢት ከመዳፉ ሥር አድርጎታል።

«አባ ሙጫ፣ አትነሣም እንዴ?» አልኩት።

ፈገግ አለ። የድሮውን መልስ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን እጄን ያዘኝ።

«ዶክተር፣ ስሜን አንሡልኝ አላልኩም። ዶክተሯን ተሳስተሻል በሏትም አላልኩም። እሷ ምን አደረገች? ቁረጪ ያልኳት እኔ ነኝ። ለብ ያለ ውሃ ነው፤ አምስት ደቂቃ። እርስዎ አጠገቤ ይቀመጡ፤ ምስክር ይሁኑኝ፤ እኔ ላንሣት። ትፈረካከሳለች ብለው አይፍሩ፤ አውቃታለሁ፣ አትፈረካከስም። እሾህ ካላት በደሌን አውቄ እሞታለሁ። ከሌላትም እሰየው፣ ብቸኛዋ እውነትም ዘመድ ነበራት። ለየትኛውም አልከራከርም፤ ጀርባዋን ብቻ አሳዩኝ።»